ያልተሸነሸነው ማሳ

ለስፌት መኪናዬ ዘይት ልገዛ ወደ ብረታ ብረት ሱቁ ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ ጎረቤቴ ባንኮኒው ላይ ገመድ ዘርግተው ከባለሱቁ ጋር ሲሟገቱ ደረስኩ። ሙግቱ በዋጋው አልነበረም። ገመዱ ሲወጠር ይለጠጣል ወይስ አይለጠጥም የሚል ነበር።

"የሚለጠጥ ገመድ አልገዛም" ይላሉ። "ለአንዱ ያተርፋል፣ ከሌላው ያጎድላል።"

"ጋሼ፣ ከብት ሊያስሩበት ነው ወይስ ሰው ሊዳኙበት?" አለ ባለሱቁ።

እኚህን ሰው በፊታቸው ጋሼ እንላቸዋለን፤ ከጀርባቸው ግን ስማቸው አባ እኩል ነው። ስሙን ያወጣንላቸው በክፋት አይደለም። ልጆቻቸው ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ አንዲት ብርቱካን ቤታቸው ከገባች ለአራት ተከፍላ ነው የምትበላው፤ ልጣጩ ሳይቀር። ለአንደኛው ልጅ ሸሚዝ ሊያሰፉ ወደኔ ሲመጡ የቀሩትን ሦስቱንም አስከትለው ነበር። እኔም በዚህ ጠባያቸው ስቄያለሁ፣ ገበያም አግኝቼበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እንደሳቸው ያለ ሚዛነኛ አባት በሰፈራችን አላየሁም።

"ገመዱ ለምን ፈለጉት ጋሼ?" አልኳቸው።

"መሬቱን ላካፍል ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አባታችን ሳያካፍሉን ሞቱ። እኔና ወንድሜ በአንዲት ድንበር ተጣልተን ሳንታረቅ ሞት ቀደመን። የኔ ልጆች እንደዚያ ከሚሆኑ፣ ዓይኔ እያየ በገዛ እጄ እቆርስላቸዋለሁ።"

"እንዴት አድርገው ነው የሚቆርሱት?"

"በቁመት ነዋ፣ አባቶቻችን ሲያደርጉት እንደኖሩት። ከአስፋልቱ ተነስቶ እስከ ወንዙ። ለሁሉም ከመንገዱም ይደርሰዋል፣ ከለሙም ይደርሰዋል፣ ከጭንጫውም ይደርሰዋል። አንዱ ሥጋ በልቶ ሌላው አጥንት አይግጥም።"

እኔ የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ መቀስ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ተናገርኩ። "ጋሼ፣ አንድ ካፖርት የሚወጣውን ጨርቅ በቁመቱ ለአራት ብቀደው አራት ሰው አላለብስም። አራት ቀበቶ ነው የማወጣው።"

"መሬት ጨርቅ አይደለም" አሉና ገመዱን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ወሸቁት።

ከሱቁ ስንወጣ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያራግፋል። ከወረዱት መካከል የመጨረሻዋ ልጃቸው ነበረች። ይህች ልጅ ከፍተኛ ትምህርቷን ጨርሳ በወረዳው መሬት ቢሮ ትሠራለች፤ ሥራዋ የመሬት ዋጋ መገመት ነው። አባቷ ለክፍፍሉ ጠርተዋት መምጣቷ ነው። እጃቸውን ስማ ከተነሳች በኋላ ዓይኗ ብብታቸው ሥር ያለው ገመድ ላይ አረፈ።

"አባባ፣ የኔን ድርሻ አይቁረጡት" አለች።

"ምነው፣ አነሰሽ?"

"አልፈልገውም አላልኩም። እንዲቆረጥ አልፈልግም ነው ያልኩት።"

አባ እኩል ወደኔ ዞሩ። "ሰማሻት? ተማረች ማለት ይህ ነው። አዎንና አይደለምን በአንድ አፍ።"

መንገዳችን አንድ ስለሆነ ተከተልኳቸው። የሰው ጉዳይ ማዳመጥ ወድጄ አይደለም፤ ይህን ስል ግን የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ድሮ ሽንኩርትና ድንች የሚለቀምበት ሜዳ ዛሬ የቆርቆሮ አጥርና ጣሪያ ያልለበሰ ግንብ ሆኗል። አንዳንዱ ግንብ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት ከቆመ ዓመታት አልፈውታል፤ በመስኮቱ ቀዳዳ ቁጥቋጦ በቅሎ ይወዛወዛል። ልጅቱ እያየች አለፈች እንጂ ምንም አልተናገረችም። ብልህ ናት፤ የሚታየውን ነገር መናገር ምን ይጠቅማል?

ቤት ስንደርስ የበኩር ልጃቸው ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሚነዳው ግን የሰው መኪና ነው። ዓመታት ሙሉ የሰው መሪ ሲያዞር ኖሮ የራሱን መኪና የመግዛት ምኞት አንጀቱን በልቶታል። አንድ ደላላ ደግሞ "ድርሻህ በተለየ ማግስት የአስፋልቱን ዳር እገዛሃለሁ" ብሎታል። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሩቅ አገር ያገባች ናት፤ "አባባ የወሰኑትን" ብላ ልካለች። ሦስተኛው ከአባቱ ጋር ማሳውን የሚያርሰው ነው፤ በመስኮቱ ሲታይ ጎንበስ ብሎ ከጎመኑ ጋር ያወራል። ከሰው ጋር ብዙም አያወራም።

"ትንሿ መጣች" አለ ሹፌሩ። "በይ፣ ወረዳው ምን አለ?"

እሷም ተቀምጣ፣ አባቷን እያየች ጀመረች። "አባባ፣ አንድ መሬት ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ገበሬ ሊያርሰው ሲገዛ የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው ቤት ሊደረድርበት የፈለገ ሰው የሚከፍለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአፈሩ የመጣ አይደለም፤ ከአስፋልቱ የመጣ ነው። ወረዳው አሁን አዲስ ደንብ አውጥቷል። ያንን ልዩነት ራሱ ይገዛል።"

"መሬቴን ሊወስድ ነው በይኛ።"

"አይደለም። የሚገዛው ቤት የመሥራት መብቱን ብቻ ነው። መሬቱ በስምዎ ይቀራል። ያርሱታል፣ ያወርሱታል፣ ከፈለጉም ለሌላ ገበሬ ይሸጡታል። የሚቀረው ነገር አንድ ነው፤ ማንም ሰው፣ መቼም ቢሆን፣ እዚያ ላይ ግንብ አያቆምም። ግብሩም በእርሻነቱ ይተመናል እንጂ በአስፋልቱ አይተመንም።"

አባ እኩል ሳቁ። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ቤት አልሠራም ስላልኩ ገንዘብ የሚሰጠኝ ወረዳ ከየት የመጣ ነው? እስከ ዛሬ የማውቀው ወረዳ ሲቀበል እንጂ ሲሰጥ አይቼው አላውቅም።"

"ቸር ሆኖ መሰለዎት? ሒሳቡን አስልቶ ነው። ቤት በየማሳው አንድ አንድ እያለ ሲበቅል፣ ወረዳው ለእያንዳንዱ መንገድ ማውጣት፣ ውሃ መሳብ፣ መብራት መዘርጋት፣ የቆሻሻ መኪና መላክ አለበት። ከነዚያ ቤቶች የሚሰበስበው ግብር ይህን ወጪ አይሸፍንለትም። ጎመን ግን መብራት አስገቡልኝ አይልም። ሽንኩርትም ልጄን ትምህርት ቤት አስመዝግቡልኝ ብሎ ቢሮ አይመጣም። ደግሞ ከተማው የሚበላውን ከሩቅ ሲያስመጣ የማጓጓዣው ዋጋ በእያንዳንዱ ሰው ሳህን ላይ ነው የሚያርፈው።"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠና፣ "ይህን ሁሉ ተይውና አንድ ነገር ንገሪኝ። ወረዳው የሚከፍለው ከደላላው ጋር ይተካከላል?" አላት።

"አይተካከልም፣ ወንድምዓለም" አለችው። "ዛሬ የደላላው ይበልጣል።"

እኔ እንደሷ ብሆን ኖሮ እንዴት አድርጌ እንደማድበሰብሰው እያሰብኩ ነበር። እሷ ግን ዓይኑን እያየች ነገረችው፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሯን በሙሉ ልብ ማዳመጥ ጀመርኩ። የተማረ ሰው ስንት ነው የማያዋጣውንም አብሮ የሚናገር?

"ታዲያ ምን ልትይን መጣሽ?" አለ ሹፌሩ።

"ደላላው የኋላውን መሬት በስንት እገዛለሁ አለህ?"

"የኋላውን ለጊዜው ያዘው ነው ያለኝ።"

"ለምን እንደሆነ ነግሮሃል? ፊቱ ከታጠረ በኋላ መንገድ የሌለው መሬት ማን ይገዛዋል? አንተ ራስህ እየለመንከው፣ እሱ በፈቀደው ዋጋ ይወስድልሃል። ዛሬ ይበልጣል ያልኩህ ፊቱን ብቻ ነው። ፊትና ኋላውን ደምረህ፣ በየዓመቱ የሚገባውን የእርሻ ገቢ ጨምረህ ብታሰላው መልሱ ሌላ ነው።"

ሹፌሩ ጢሙን ማሻሸት ያዘ። አባትየው ግን ገና አልተዋጠላቸውም።

"እሺ፣ ይሁን" አሉ። "ግን መቼም ቢሆን ነው ያልሽው። እኔ ማን ሆኜ ነው የልጅ ልጆቼን እጅ የማስረው? እነሱ ቤት መሥራት ቢፈልጉስ?"

"ልክ ነዎት፣ ውሉ ያስራል። እሱን አልደብቅዎትም። ሲሚንቶም ግን ያስራል፣ አባባ። ውል ያሰረውን መሬት የልጅ ልጅዎ ያርሰዋል፤ ሲሚንቶ ያሰረውን መልሶ የሚያርሰው የለም። እርስዎ የሚኖሩበት ቤትና ግቢው ደግሞ ከውሉ ውጭ ይሆናል፤ እዚያ ላይ መሥራት ይቻላል።"

"ክፍፍሉስ? አራት ናችሁ። ሳልቆርሰው እንዴት አድርጌ ነው እኩል የማደርገው?"

"ድርሻ ይኖረናል፤ ቁራሽ ግን አይኖረንም። አራታችን የማሳው ባለቤቶች እንሆናለን። የሚያርሰው ወንድሜ ለሦስታችን ኪራይ ይከፍላል። መውጣት የፈለገ ድርሻውን በቅድሚያ ለእህት ወንድሞቹ ይሸጣል።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለ ሹፌሩ።

"ወተቷንማ በየምርቱ ታያለህ። የማትችለው ቀንዷን ይዘህ መጎተት ብቻ ነው።"

አባ እኩል በዚህች ፈገግ አሉ፤ ነገር ግን ብድግ ብለው ገመዱን አነሱ። "አነጋገርሽ ያማረ ነው ልጄ። ያስተማረሽም ይባረክ። እኔ ግን የጋራ ድስት ሳይታጠብ ያድራል ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ተነሱ፣ እንውጣ።"

ሁላችንም ወጣን። የገመዱን አንድ ጫፍ ያስያዙኝ እኔን ነበር፤ "የአንቺ ዓይን ቀጥታ መስመር ያውቃል" ብለው። ማሳው ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ ቀስ እያለ ይወርዳል። በላይኛው የቀኝ ጥግ፣ ከመንገዱ አጠገብ፣ ምንጭ አለ። ከምንጩ የሚነሳው ቦይ ማሳውን በሰያፍ አቋርጦ ወደ ግራው ታች ጥግ ይወርዳል። ይህን ቦይ አባ እኩል በጉልምስናቸው ቆፍረው ድንጋዩን በእጃቸው ደርድረውታል። ዛሬም ድረስ በየመንገዱ ላይ የሚያዩትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሳያነሱ አያልፉም። ያ ማሳ ለምን ከሌላው ቀድሞ እንደሚለመልም ለጠየቀ ሰው መልሱ ይህ ነው።

ችንካሩ ተመታ፣ ገመዱ ለሦስት ተቆርጦ በየድንበሩ ተወጠረ። ክፍፍሉ በዕድሜ ስለሆነ የመጀመሪያው ቁራሽ በቀኝ በኩል ያለው ሆነ፤ የሹፌሩ። ከሱ ቀጥሎ ያገባችው ልጅ፣ ከዚያ የሚያርሰው፣ በግራው ዳር ትንሿ። አራቱም እንደ መቀነት ቀጥነው ወደ ወንዙ ወረዱ። አባ እኩል ከላይ ቆመው በኩራት አዩት። እውነትም እኩል ነበር፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ አንድ ጣት አይበላለጥም።

የሚያርሰው ልጅ ግን ሥራው አልቆመለትም። ታች ያለው ችግኝ ውሃ ጠምቶታል። ዶማውን ይዞ ወደ ምንጩ ወጣና የቦዩን አፍ ከፈተ። ከዚያ ውሃውን እየተከተለ ወረደ። መጀመሪያው ገመድ ጋ ሲደርስ እግሩን አንስቶ ተሻገረው፤ የተናደ ድንጋይ መለሰ። ሁለተኛውን ተሻገረ፤ ቅጠል የዘጋውን ጠረገ። ሦስተኛውንም ተሻገረ። ልጁ ምንም ልብ አላለም፤ ከልጅነቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። አባትየው ግን ዓይናቸውን ከእግሩ ላይ አልነቀሉም።

ትንሿ አፏን ልትከፍት ስትል አየኋትና ክርኗን ነካ አደረግኋት። አንዳንድ ነገር ተናጋሪ ሲበዛበት ይፈራል።

"ና ወዲህ" አሉት አባ እኩል ሹፌሩን። "ይህ ያንተ ነው። ለማን ትሸጠዋለህ?"

"ለከፈለ ነዋ አባባ።"

"የገዛው ሰው ምንጩን ምን ያደርገዋል?"

ሹፌሩ አሰበ። ሰውየው ቀልደኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። "አጥሮ ለግቢው ያደርገዋል" አለ።

"ቦዩንስ?"

"ይደፍነዋል። ቤቱ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ማን አለ?"

"ታዲያ እህትህ? ወንድምህ? ይህችስ ትንሿ?"

ሹፌሩ ወደ ታች፣ ችግኙ መካከል ወደ ቆመው ወንድሙ አየ። "ምንጩን ለብቻው አስቀርተን..." ብሎ ጀመረና ራሱ ተወው። ምንጭ ያለ ቦይ ምንድን ነው? ቦዩስ በአራት ባለቤት መካከል ስንት አጥር ይሻገራል?

አባ እኩል ችንካሩ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "አራት እኩል አደረግሁ ብዬ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ለአንዱ ውሃውን በሙሉ፣ ለሦስቱ ደረቁን ልሰጥ ነበር። ያውም በገመድ ለክቼ። አባቴ ሳያካፍል ሞቶ አጣላን፤ እኔ አካፍዬ ላጣላቸው ነበር።"

ያንን የሚያህል ሰው፣ ዕድሜ ልኩን የተማመነበትን ነገር በአንድ ቀን መልሶ ሲመረምረው ማየት ቀላል አይደለም። ስንቱ ሽማግሌ ነው ገመዱን ከወጠረ በኋላ የሚፈታው?

በመጨረሻ ብድግ ብለው ችንካሩን መንቀል ጀመሩ። "ልጄ" አሉ ትንሿን፣ "ያ ውል ስለ ውሃ ምን ይላል?"

"የመሬቱን አጠቃቀም ይላል እንጂ ስለ ቦይ ለይቶ የሚለው የለም።"

"እንግዲያው ጎዶሎ ነው። ቦዩ ይግባበት። እኔ ካለፍኩ በኋላ አንዱ ተነስቶ ቢደፍነው ማሳው ለስሙ ማሳ ይሆናል።"

ልጅቱ አባቷን አየቻቸው። "ይህን እኛ አላሰብነውም ነበር" አለች።

"እናንተ አስፋልት ላይ ተቀምጣችሁ እንዴት ታስቡታላችሁ?" አሉ፤ ግን ደስ ብሏቸዋል።

የቀረው የሹፌሩ ጉዳይ ነበር። ፊቱ ላይ መኪናው ስትርቅ ይታያል። የሚያርሰው ወንድሙ እግሩን ከጭቃ እያጠበ መጣና፣ ያን ቀን የመጀመሪያ የሆነውን ነገር ተናገረ። "ወረዳው የሚከፍለው መጀመሪያ ለሱ መኪና ይሁን። የኛ ከኪራዩና ከምርቱ ቀስ እያለ ይደርሳል። ደግሞ ጎመኑን ገበያ የሚያደርስልኝ መኪና የምከራየው ከሰው ነው።"

ሹፌሩ፣ "እኔስ አስከፍልህ የለ?" አለው።

"ታስከፍለኛለህ። ግን ሳታሳድር ታደርሳለህ።"

ትንሿም እሺ አለች፤ ሩቅ ያለችውም በስልክ ተጠይቃ እሺ አለች።

ከዚያ በኋላ በወረዳው ቢሮ የሆነውን እኔ በምስክርነት ተቀምጬ አይቻለሁ። አባ እኩል ውሉን ጸሐፊው እንዲያነብላቸው አደረጉ፤ ሲጨርስ "ድገመው" አሉት፤ ሲደግመው "ቀስ በል" አሉት። ስለ ቦዩ የሚለው አንቀጽ እንዲጨመር ሲጠይቁ ጸሐፊው አለቃውን ሊጠይቅ ገባ፤ አለቃው ራሱ ወጥቶ አናገራቸው። አንቀጹ ተጨመረ። ዛሬ በወረዳችን ይህን ውል የሚፈርም ገበሬ ሁሉ ያ አንቀጽ አለው። ልጅቱም ባለጉዳዩ አባቷ ስለሆኑ ግምቱን አልሠራችም፤ እሷ ራሷ ናት አልሠራም ያለችው። ሌላ ባለሙያ ሠራው። ይህንንም እወድላታለሁ።

እነሆ ዓመታት አልፈዋል። ያየሁትን ልናገር። ማሳው ሳይሸነሸን ስለቀረ ትራክተር ገብቶ እንደልቡ ይዞርበታል፤ ጎረቤቶቻችን በሸነሸኗቸው ቁራሾች ላይ ግን ጎማው ዞሮ ሳይጨርስ የሰው አጥር ላይ ይወጣል። ግብሩ በእርሻ ስለተተመነ ክፉ ዓመት ሲመጣ መሬት ሽጦ ግብር መክፈል የለም። ሹፌሩ የራሱን መኪና ይነዳል፤ የወንድሙንም ጎመን፣ የጎረቤቱንም ድንች ያመላልሳል። ከታችኛው ማሳ ሁለት ቤተሰቦች ተከትለው ፈረሙ፤ ምክንያቱም የጎረቤቱ ማሳ እንደማይታጠር ያወቀ ሰው ቦይ ለመቆፈር፣ ዛፍ ለመትከል ልቡ አይፈራም። የመሬት ዋጋ የሚባለው ነገር እኔ እስከገባኝ ድረስ አንድ ሰው ዛሬ የሚከፍለው ብቻ አይደለም፤ ነገ ከዚያ መሬት ላይ ምን እንደማይጠፋ ማወቅም ዋጋ ነው። ልብስ የሚሰፋ ሰው ይህን ያውቃል። ጨርቅ ከመቁረጥህ በፊት አሥር ጊዜ ልታስብ ትችላለህ፤ ከቆረጥክ በኋላ ማሰብ የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ደንበኛ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሰፋሁትን ሱሪ ላደርስ ወደ ማሳው ብቅ ብዬ ነበር። ሹፌሩ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ጎመን ይጭናል፤ አባ እኩል ትንሽ ራቅ ብለው አረም ይነቅላሉ። ያ ደላላ መጣ። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ አሁን አዲስ ገዥ እንዳለ፣ ዋጋውም ከድሮው በጣም የተሻለ እንደሆነ፣ ውል የሚባለውንም ጠበቃ እንደሚፈታው አስረዳ።

"ያንተን ድርሻ ብቻ ነው የምንፈልገው" አለው። "የት ጋ ነው ያንተ? አሳየኝ።"

ሹፌሩ የያዘውን ጎመን መኪናው ላይ አስቀመጠ። ማሳውን ከላይ እስከ ታች፣ ከቀኝ እስከ ግራ ቃኘው፤ የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው።

"እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ" አለ፣ "የትኛው የኔ እንደሆነ እኔም አላውቀውም።"

ደላላው የሚቀልድበት መሰለው። ሹፌሩ ግን እየቀለደ አልነበረም፤ ሌላ ጎመን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወደ አባ እኩል ዞር ብዬ አየሁ። ቀና አላሉም፤ እጃቸው ግን በፍጥነት ይሠራ ነበር። ቀረብ ስል አረሙን ትተው ገና ያልደረሰውን ካሮት እየነቀሉ ነው።

"ጋሼ፣ እሱ አረም አይደለም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ፣ ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። "አንቺ ደግሞ የማታዪው ነገር የለም።"